አምስተኛው

ጭጋጉ ሳይነሳ ከሪዮኒ ወንዝ ላይ፣
ባግራት ከተፍ አለ ከነላዳው ሥቃይ፤
ከኋላ ወንበሩ የአይብ ክብ ድርድር፣
ከፊቱ ጠቅ ጠቅታ፣ እንደ ግንደ ቆርቁር።
«ዝም አሰኝልኝ በቃ፣ መንደሩ ሳቀብኝ፣
ባግራት መባል ቀርቶ ‹ጠቅጠቄ› ወጣብኝ።»

ኦቲያ፣ አለቃዬ፣
ጆሮው ከደከመ አራት ክረምት ሆነው፤
ሞተር የሚያዳምጥ በጥርሱ ብቻ ነው።
ረጅም ካቻቪቴ፣ እጀታውን ነክሶ፣
ጫፉን በክዳኑ ላይ በቀስታ አድርሶ፣
ዓይኑን ጨፈነ። እኔ የካንዴላ ገመድ
ነቀልኩለት፣ መለስኩ፣ አንድ በአንድ፣ አንድ በአንድ፤
ሞተሩ ተንገዳገደ፤
ያ ጠቅታ ግን በዚያው ሄደ።

«ከታች አይደለም» አለ፣ ብረቱን ከአፉ ሲያወጣ፣
«ክራንኩ ሁለት ሲዞር አንዴ ነው ድምፁ የሚመጣ፤
ቀርፋፋ ድምፅ ከላይ ነው፣ ከካምሻፍቱ ሰፈር፤
የታቹ ነው ቶሎ ቶሎ፣ አጥንት የሚሰብር።
ፑንቴሪያ ነው። ግን ይደር፣ ዛሬ አልነካካም፤
የሞቀ ብረት ይዋሻል፣ ትልቅ ነኝ ይላል፣ አይለካም።»

ባግራት ላዳው ውስጥ አደረ፣ ከአይቡ ጋር፤
ሲነጋ ማን አይብ፣ ማን ባግራት እንደሆነ አፍንጫ አይለይም ነበር።

ክዳኑ ተነሳ።
ስምንት ሮከር፣ በጥቁር ዘይት ታጥበው፣
ጎን ለጎን ተደርድረው፣ አንገታቸውን ደፍተው።
በእጄ ሰፊዋ የልኬት ምላስ፣ ዜሮ ነጥብ አስራ አምስት፣
ሁለት የጋዜጣ ገፅ ተደርቦ የሚያክላት።

ስምንትና ስድስት፦ ደህና፣ ምላሷን ያዝ አድርጎ ለቀቀ፤
ክራንኩን በመፍቻ ግማሽ ዙር፤ ሰንሰለቱ ሲጥ አለ፣ ጠበቀ።
አራትና ሰባት። አራት ደህና። ሰባት ጋ
ምላሷ ሰተት ብላ ገባች፣ በሩን እንዳልዘጋ
ቤት። ሁለት ደረብኩ፣ ሦስት፤ ገና ይወዛወዛል፤
ዳዶው ላልቶ፣ ለባዶ ጣቴ ይታዘዛል።
«ተገኘ!» ብዬ ጮህኩ፤ ባግራት አጨበጨበ፣
«ክደነው በል!» አለኝ፣ ላሪውን ቆጥሮ ቀረበ።

ኦቲያ አልሰማም፣ ወይ አልሰማ አለ፤
በጣቱ አራት አሳየኝ። አራት ገና አለ።

አንድና ሦስት ደህና። ከዚያ አምስትና ሁለት፤
ሁለት ደህና።
አምስት...
ምላሷ አልገባ አለች። ቀጠን ያለችውን ሞከርኩ፣
ከዚያም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳችውን፤ ሁለቱንም አጠፍኩ።
አንድም ድምፅ አልነበረው። አንድም ቀን አልጮኸ።

«ሟቹ ይሄ ነው» አለ ኦቲያ።
«ሰባት ልል ነው፤ ይጮሃል፣ ያለቃቅሳል፣ ይኖራል፤
አምስት ግን ክፍተት አጥቶ፣ እስከ ጥግ ተገፍቶ ቆሟል፤
ገጥሞ አይዘጋም፤ እሳቱ በስንጥቁ ይወጣል፤
ሙቀቱን የሚያራግፍበት መቀመጫ ርቆታል፤
ጠርዙ ይበላል፣ ይበላል፣
አንድ ቀን በተራራው መሃል...
ጆሮ በነበረኝ ዘመን የጮኸውን ነበር የምጠግን፤
ስንቱን ዝምተኛ ክዳን ጭኜ ሸኘሁ፣ ‹ደህና ነው› እያልን።»

ኮምፕሬሽኑን ለካን፤ ከሌሎቹ በጥቂት ያንሳል፤
«ጠርዙ ገና አልነደደም» አለ፣ «ይተርፋል።»
ዳዶውን ፈታ፣ ቡሎኑን ዝቅ አደረገ፣ ፀጉር በምታህል፤
ምላሷ ገባች፣ እየጎተተች፣ ሰው በጠባብ በር እንደሚያልፍ በትከሻው ተንሸራትቶ።

ሞተሩ ተነሳ። ባግራት ጆሮውን ቀሰረ፤
«አሁንም ይሰማል!» አለ። ኦቲያ ከንፈሩን አይቶ ተናገረ፦
«ትንሽ ይሰማ። ስምንቱም ትንሽ ትንሽ ይሰሙ።
ዝም ያሉ ቀን ግን አምጣው።»

ግማሹን በላሪ፣ ግማሹን በአይብ ከፈለ።
ከመስኮቱ ብቅ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ኦቲያ አልሰማም፤
ኮፈኑ ላይ የጣለውን መዳፍ፣ መኪናው እስኪነቃነቅ አላነሳም።